የቻይና አዛውንት ተንከባክባችሁ የምታውቁ አላችሁ? «ደረቴ ታፈነ» እንጂ «ከፋኝ» አይሉም

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እንዴት ሰነበታችሁ? ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ታላቅ እህቴ ቶሮንቶ ነው የምትኖረው። ሥራዋ ቤት ለቤት እየዞረች አዛውንት መንከባከብ ነው። ታጥባለች፣ ምግብ ታሞቃለች፣ የመድኃኒት ሰዓት ታስታውሳለች፣ አብራ ትቀመጣለች። ከምትሄድባቸው ሰዎች አንዷ የ78 ዓመት ቻይናዊት ናቸው። እህቴ «ፖ ፖ» ነው የምትላቸው፣ በቋንቋቸው አያቴ እንደማለት ነው። የመጡት ከጓንግዶንግ ነው፣ የሚናገሩት ካንቶኒዝ። ልጃቸው የልጅ ልጆቹን እንዲያሳድጉለት ነበር ያስመጣቸው፣ አሳደጉለት። አሁን ልጆቹ ጎርምሰዋል፣ እርስ በርስ የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው፣ ከትምህርት ቤት ሲመጡ «ሃይ» ብለው ክፍላቸው ገብተው በር ይዘጋሉ። ባለቤታቸው ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት አረፉ።

ፖ ፖ ደረታቸውን በእጃቸው ደግፈው ነው የሚውሉት። ታፈነ፣ ታፈነ ይላሉ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይነቁና ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ራሳቸውን ይከብዳቸዋል። ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ሳህኑን ይገፉታል። ልባቸው ተመረመረ፣ ምንም የለም ተባለ። የደም ምርመራውም ደህና ነው። አንድ ቀን ነርስ ወረቀት ይዛ መጣችና በስልክ አስተርጓሚ ጠየቀቻቸው። ያዝናሉ? ይከፋዎታል? በኑሮዎ ደስተኛ ነዎት? ለሁሉም «ደህና ነኝ» አሉ። ችግር የለም ተብሎ ተጻፈና ሄደች።

እህቴ ግን በዓይኗ ታያለች። በረንዳቸው ላይ ቅጠሏን እየቀነጠሱ የሚበሏት ሽንኩርት በባልዲ ተክለው ነበር፣ ማለዳ ማለዳ ውሃ የሚያጠጧት። አሁን ደርቃለች። ሩዝ ሲያጥቡ እጃቸው ውሃው ውስጥ እንዳለ ዝም ብለው ይቀራሉ። ለልጃቸው ምናልባት ድባቴ ይሆናል ብላ ብትነግረው ተቆጣ። «እናቴ እብድ አይደለችም» አላት። ከዚያ ወዲህ ፈርታ አፏን ይዛለች። እሑድ እሑድ ስንደዋወል ወሬዋ እሳቸው ናቸው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ስትነግረኝ ስለ እናታችን የምታወራ ነው የሚመስለኝ። አባባ ከሞተ ወዲህ እማ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይመታኛል» ትላለች። ሦስት ቦታ ወስጃታለሁ። አንዱ ጨጓራ ነው አለ፣ አንዱ ታይፎይድ፣ ሌላው ደም ማነስ። ኪኒኑ ፌስታል ሙሉ ሆኗል፣ እሷ ግን አልተሻላትም። አንድም ሰው «ሌሊት ምን እያሰብሽ ነው የምታድሪው?» ብሎ አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ሰውነትን የሚያም ድባቴ አለ ወይ? ቻይናውያን ለዚህ ነገር ስም አላቸው? እህቴስ ምን ብታደርግ ይሻላል? የምታውቁ እባካችሁ።

ሲስተር ዘቦርከና (ኮምቦልቻ)

የጦሳ ልጅ፣ እንኳን ጻፍከው። የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ቻይናዊ ታካሚ ገጥሞኝ አያውቅም። ጉዳዩ ግን በእኛ ሙያ የታወቀ ነው፣ ትምህርት ቤትም ከቻይና በመጣ ምሳሌ ነው የተማርነው።

አርተር ክላይንማን የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም አለ፣ አንትሮፖሎጂስትም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ቻይና፣ ሁናን ግዛት ሄዶ ሆስፒታል ውስጥ «የነርቭ ድካም» የተባሉ 100 ታካሚዎችን አየ። የሚያሰሙት አቤቱታ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ማዞር፣ ድካም ነበር። በደንብ ቁጭ ብሎ ሲመረምራቸው 87ቱ የድባቴን መስፈርት የሚያሟሉ ሆነው ተገኙ። «የነርቭ ድካም» የሚለው ስም ራሱ የቻይና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1869 ጆርጅ ቢርድ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ያስፋፋው ነው። አሜሪካኖቹ በ1980 ከምርመራ መጽሐፋቸው አወጡት፣ ቻይና ግን ቆየ። ለምን ቆየ ብትል፣ ማንንም የማያሳፍር ስም ስለሆነ ነው። ነርቭ ይደክማል፣ እንደ እግር ይደክማል፣ ነውር የለበትም። ቤተሰብም ጎረቤትም የሚቀበለው ሕመም ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ ባለሙያም ጭምር፣ «ቻይናውያን ስሜታቸውን ወደ አካል ይለውጡታል፣ ሐዘን አያውቁም» ብሎ ይደመድማል። እኔ አልስማማም። ቦስተን ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ። ድባቴ የተገኘባቸውን 29 ቻይናውያን ስደተኞች ምንዎን ነው የሚያምዎት ብለው ጠየቋቸው። 76 በመቶዎቹ የአካል ሕመም ተናገሩ። «መንፈሴ ወድቋል» ብሎ ከራሱ አንደበት የጀመረ አንድም ሰው አልነበረም። እነዚያው ሰዎች በቻይንኛ የተዘጋጀ መጠይቅ ላይ ስለ ስሜታቸው አንድ በአንድ ሲጠየቁ ግን 93 በመቶዎቹ አዎ አሉ። ሐዘኑ አለ፣ ያውቁታልም። ሐኪም ቤት ይዘውት የሚሄዱት ነገር ነው ብለው ግን አላሰቡም። ለሐኪም የሚወሰደው ደረት ነው፣ ራስ ነው፣ እንቅልፍ ነው። የልብ ጉዳይ ለማን ይወሰዳል? የእኛስ እናቶች እንደዚያው አይደሉም?

የአካል ሕመሙ ደግሞ ማስመሰል እንዳልሆነ እህትህ እንድታውቅ እፈልጋለሁ። ድባቴ እንቅልፍን፣ ምግብን፣ የጡንቻን ውጥረት ይነካል፣ የሕመም ስሜትንም ያጎላል። «ታፈነ» ሲሉ በእርግጥም ታፍኗል። «ምርመራው ንጹሕ ነውና ምንም የለብዎትም» ማለት ሰውየውን ውሸታም ማድረግ ነው፣ ሁለተኛም አይናገርም።

ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር ልበል። ለአዛውንት ተብሎ የተሠራ መጠይቅ አለ፣ ሙሉው 30 ጥያቄ፣ አጭሩ 15፣ መልሱ አዎ ወይም አይደለም። የሠሩት ሰዎች የአካል ምልክቶችን አውቀው ነው የተዉት። አዛውንት ድሮም ወገቡንም እንቅልፉንም ስለሚያመው ከድባቴው ጋር እንዳይምታታ ብለው ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሕመማቸውን በአካል ብቻ ለሚናገሩ እናት «በኑሮዎ ረክተዋል ወይ?» ብሎ መጀመር፣ ያውም ባልታወቀ ሰው፣ ያውም በስልክ፣ ምን መልስ ያመጣል? እኛ አገር እንኳ አንዲት እናት «እንዴት ነሽ» ስትባል መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የምትለው፣ ቤቷ ቢቃጠልም።

ስለዚህ እህትህ ከደረታቸው ትጀምር። መቼ ነው የሚብሰው? ማን ሲኖር ይቀላል? ሌሊት ሲነቁ ምን ያደርጋሉ? ድሮ የሚወዱት አሁን የተዉት ምን አለ? የሽንኩርቷን ነገር ትጠይቃቸው። መልሱ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ። ያየችውን ሁሉ ደግሞ ቀን እየጠቀሰች ትጻፍ፦ ስንት ሌሊት እንዳልተኙ፣ ምን ያህል እንደቀነሱ፣ መቼ ውሃ ማጠጣት እንዳቆሙ። «ድባቴ ይመስለኛል» ከማለት ይልቅ ይሄ ጽሑፍ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።

አንድ ነገር ግን መዘግየት የለበትም። ከአፋቸው «ሸክም ሆኛለሁ»፣ «ባልነቃ ይሻለኝ ነበር» የሚል ነገር ከወጣ በቀጥታ ትጠይቃቸው፣ ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ ወይ ብላ። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፣ ብዙ ሰው ይፈራዋል ግን አይተክልም። በዚያው ቀን ለአለቃዋና ለቤተሰቡ ትንገር። ካናዳ ውስጥ 988 የሚባል የስልክ መስመር አለ፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

ስለ እማ ደግሞ ለብቻ እመለስበታለሁ፣ አብሽር።

ቻይንኛ ተርጓሚ (ኮምቦልቻ)

ሲስተር በጣም ነው የጠቀምሽን። እኔ ከቋንቋው በኩል ልግባ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጀምሮ ከቻይናውያን ጋር በትርጉም ሥራ ላይ ነኝ፣ ሁለት ዓመትም እዚያው አገራቸው ተምሬያለሁ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው አስተርጓሚው በየትኛው ቻይንኛ ነበር የሚለው ነው። ካንቶኒዝና ማንዳሪን በጽሑፍ ይቀራረባሉ፣ በንግግር ግን አይደማመጡም። እኔ የምችለው ማንዳሪን ነው፣ ካንቶኒዝ የሚናገር ሰው አጠገቤ ቢያወራ አይገባኝም። ፖ ፖ በማንዳሪን ተጠይቀው ከሆነ ግማሹን ነው የሰሙት፣ ያልሰሙትን ደግሞ «ደህና ነኝ» ብለው ያልፉታል። ሰው ላለማስቸገር።

ሁለተኛው የቃሉ ነገር ነው። ለድባቴ «ኢዩጀንግ» የሚል የሕክምና ቃል አላቸው፣ ወጣቱ ዛሬ እንደ ቀላል ይናገረዋል። በ78 ዓመት ሰው ጆሮ ግን የሆስፒታል ቃል ነው፣ ልክ አያቴን «ድባቴ አለብዎት ወይ?» ብላት እንደማይገባት። «ድብርት» ብላትም ቴሌቪዥን ስትጠፋ የሚመጣ መሰልቸት ነው የሚመስላት። ከዚህ የባሰ ቃልም አለ። «የአእምሮ ሕመም» የሚለውን አስተርጓሚው ቀጥታ «ጂንግሸንቢንግ» ብሎት ከሆነ፣ ይሄ በሰፈር አፍ እብደት ማለት ነው፣ ስድብም ነው። ልጃቸው የተቆጣው ለዚህ ይመስለኛል። እህትህ የተናገረችው ሌላ፣ እሱ የሰማው ሌላ።

የታፈነው ደረት ግን ቃል አለው። «መን» ይሉታል። አንዱ «መን» የታመቀ አየር ነው፣ መስኮት የሌለው ክፍል፣ ከባድ ሙቀት። ሌላው «መን» የተከፋ፣ የተዘጋ ሰው ስሜት ነው። የሚለያዩት በድምፅ ከፍታ ብቻ ነው፣ ሲጻፉ አንድ ናቸው። አጻጻፉ እንዴት መሰለህ፣ ውጪው የበር ሥዕል ነው፣ በሩ መሃል ደግሞ ልብ የሚለው ፊደል ተቀምጧል። አስተማሪዬ ሰሌዳ ላይ ስትጽፈው ዛሬ ድረስ ይታየኛል። ሰውነትና ስሜት እነሱ ጋ በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት። «ደረቴ መን ሆነ» ያለ ሰው ከሐዘኑ እየሸሸ አይደለም፣ በራሱ ቋንቋ እየነገረህ ነው። እኛስ «ሆዴ ባባ»፣ «አንጀቴ ተቃጠለ»፣ «ልቤ ተሰበረ» ስንል ሐኪም ፈልገን ነው?

ዕድሜያቸውንም አስቡት። ዛሬ 78 ከሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 61 ቻይናን ረሃብ ሲፈጃት ልጅ ነበሩ። ከ1966 እስከ 76 የባህል አብዮቱ ሲካሄድ ወጣት ነበሩ። በዚያ ዘመን ከፍቶኛል ማለት በሥርዓቱ አልረካሁም ማለት ተደርጎ ሊቆጠር ይችል ነበር። ያንን ያለፈ ትውልድ «ቺ ኩ» የሚል አባባል አለው፣ መራራ መብላት ማለት ነው፣ መቻል፣ መዋጥ። ለእነሱ ትልቅ ምስጋና ነው። ወደ አማርኛ ብመልሰው «ሆድ ይፍጀው» ነው የምለው። ሆዱ የፈጀው ሰው ሁሉ ታዲያ አልታመመም ማለት አይደለም።

የሰኞ ገበያ ልጅ (ሜልበርን)

የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሜልበርን 14 ዓመት ሆነኝ። ይሄን ውይይት ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ።

እናቴን አምጥቻት ነበር፣ ሦስት ዓመት አብራኝ ቆየች። ደሴ እያለች ቤቷ ሰው አያጣም፣ ቡናው በቀን ሦስት ጊዜ ነው፣ ጭሱ ሲወጣ ጎረቤት ይሰበሰባል። እዚህ ረከቦቱን ዘርግታ ቡና አፍልታ ብቻዋን ተቀመጠች። እኔ ሥራ፣ ባለቤቴ ሥራ፣ ልጆች ትምህርት ቤት። አቦሉን ጠጣች፣ ቶናውን ደፋችው። ትንሽ ቆይታ ማፍላቱንም ተወችው። «ጉልበቴን ያመኛል» አለች፣ ቀጥሎ «ወገቤን»፣ ቀጥሎ «ዓይኔ ፈዘዘ»። እኔ ሐኪም ቤት ማመላለስ ሆነ ሥራዬ። አንድ ቀን የልጄ መምህር ስልክ ደወለችና እናቴ አነሳች፣ መመለስ አልቻለችም፣ ዘጋችው። ያን ቀን ማታ «እኔ እዚህ ቤት ዕቃ ነኝ» አለችኝ። ያኔ ነው የነቃሁት።

እና ከቻይናውያኑ ጋር ምን አገናኘው ብትሉ፣ ሰፈራችን ብዙ ቻይናውያን አሉ። ጠዋት ጠዋት ፓርክ ውስጥ አዛውንቶቹ ተሰብስበው ቀስ ያለ ስፖርት ይሠራሉ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታያቸው ነበር። አንዲት ሴትዮ ከመካከላቸው ወጥተው እጇን ይዘው ወሰዷት። አንድ ቃል አይግባቡም። ሁለቱም ጉልበታቸውን እያሻሹ ነበር የሚተዋወቁት፣ «እኔንም እዚህ ጋ ነው» እያሉ። ልጃቸውን በኋላ አውቄዋለሁ። እሱም እናቱን ልጅ እንድትይዝለት ነው ያመጣት፣ እሱም ወገቧን ነው ሲያሳክም የኖረው።

ስለዚህ ባህላቸው እንደዚህ ነው ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ቤቱም አለ። የእነሱ ወግ ልጅ ወላጁን ያከብራል፣ ይጦራል ይላል፣ የእኛም እንደዚያው። ስደት ቤት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቤተሰብ ያስተዳደረች እናት ቋንቋ ስለማትችል መንጃ ፈቃድ የላትም፣ ባንክ አትሄድም፣ ሐኪም ጋ በልጇ አፍ ነው የምታወራው። ልጅ መያዙ ሥራ ነበር፣ ያስከብራት ነበር። ልጆቹ ሲያድጉ እሱም አለቀ። አሁን ምን ትሁን? ልጇ ላይ አታማርርም፣ ማማረር እሱን ማዋረድ ነው፣ የእነሱ ሰዎች ፊት ማጣት የሚሉት። ደረት ግን ማንንም አይከስስም።

ለእህትህ የምመክራት ይሄን ነው። ልጃቸውን እንደ ጥፋተኛ አታናግረው። የበሽታ ስም አትጥራለት። «እናትህ እየተኙ አይደለም፣ ምግብም ቀንሰዋል፣ ካንቶኒዝ የሚናገር ሐኪም ቢያያቸው» ትበለው፣ ይሄን የሚጠላ ልጅ የለም። ሐኪም ጋ ደግሞ የልጅ ልጅ እንዳያስተረጉም። የ15 ዓመት ልጅ ፊት ማን ሆዱን ይከፍታል? እናቴ በልጄ በኩል ስትጠየቅ ሁሌም «ደህና ናት በሏት» ነበር መልሷ።

እናቴ ደሴ ተመልሳለች። ጉልበቷ ዛሬም ያማታል። ግን ቶናውን አትደፋም።

የቧንቧ ውሃ ጎረቤት (ደሴ)

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ግን አይዋጥልኝም። እርጅናና ናፍቆትን ሁሉ በሽታ ካደረግነው ጤነኛ አዛውንት አይገኝም። ባሏ የሞተባት ሴት ታዝናለች፣ አገሯን የለቀቀች ትናፍቃለች። ድሮ ለዚህ ኪኒን አልነበረም። ሰው ነው የሚያስፈልገው፣ ዱዓ ነው፣ ጸበል ነው፣ የጎረቤት ቡና ነው። በ2014 ከተማችን ስትያዝ ስንት እናት ስንት ነገር አየች፣ ማን ኪኒን ሰጣት? ችላ ኖረች።

ሲስተር ዘቦርከና (ኮምቦልቻ)

የቧንቧ ውሃ ጎረቤት፣ የምትለው ውስጥ እውነት አለ፣ ስለዚህ በቁም ነገር ልመልስልህ። ሐዘን በሽታ አይደለም። ለቅሶ ደራሹ፣ ዱዓው፣ ጸበሉ፣ ቡናው አይቅር፣ ማንም ይቅር አላለም። እኔም ታካሚዎቼን ሸሆቹ ጋም አባ ጋም አትሂዱ ብዬ አላውቅም። ቻይናውያኑም የባህል ሐኪሞቻቸው አሏቸው፣ እነሱ «የጉበት አየር ታምቆ ነው» ይሉና ዕፅዋት አፍልተው ያጠጣሉ። የሚጠጡትን ለሐኪሙ ይንገሩት እንጂ፣ መድኃኒት ከመድኃኒት ይጋጫልና።

ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ያዘነ ሰው የልጅ ልጁ ሲስቅ አብሮ ይስቃል፣ ከዚያ ይመለስበታል። ድባቴ የያዘው ሰው ግን ምንም ነገር ደስ አይለውም፣ የሚወደው ምግብ አፈር ይሆንበታል፣ ሰው መጥቶ ቡና ቢፈላም አይሰማውም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ እንደዚህ ከሆነ እርጅና አይደለም። «ችላ ኖረች» ስላልከው፣ ከእነዚያ እናቶች ጥቂቶቹን እኔ አውቃቸዋለሁ። አልቻሉም። ጨጓራ ናቸው ተብለው ነው የኖሩት።

ኪኒን ብቻም አይደለም። ያ ክላይንማን ያልኩት ሰውዬ ለእነዚያ ታካሚዎች የድባቴ መድኃኒት ሲሰጣቸው የብዙዎቹ ምልክት ቀነሰ፣ ነገር ግን የሥራና የቤታቸው ችግር ካልተፈታ ተሻለን አላሉም። ሁለቱም ነው የሚያስፈልገው። መድኃኒቱም ቢታዘዝ ሥራውን ለመጀመር ሳምንታት ይወስዳል፣ ለአዛውንት በትንሽ ነው የሚጀመረው። ቤተሰቡ ይሄን ካልተነገረው በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ይጥለዋል።

አንድ የቶሮንቶ ሰው

አጭር ነገር ነው። ስካርቦሮ አካባቢ ዪ ሆንግ የሚባል የአዛውንት ማዕከል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተ። ካንቶኒዝም ማንዳሪንም የሚናገሩ ሠራተኞች አሉት፣ ምግቡም የእነሱ ነው፣ ቀን ውሎ ማታ ወደ ቤት የሚመለሱበት ፕሮግራምም አለው። ሩቅ ከሆነባቸው 211 ይደውሉ፣ አቅራቢያ ያለውን ይነግሯቸዋል፣ በብዙ ቋንቋ ይሠራሉ። እህትህ ግን ራሷ ከማዘዋወሯ በፊት ለአለቃዋ ታሳውቅ፣ ሥራዋን እንዳታጣ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት የቆየሁት የሚነገር ነገር ስላልነበረኝ ነው። አሁን አለ።

የጻፋችሁትን በሙሉ ለእህቴ በስልክ አነበብኩላት። የአስተርጓሚውን ነገር ለአለቃዋ ነገረች፣ ሲጣራ እውነትም የተደወለለት ሰው ማንዳሪን ተናጋሪ ነበር። ተርጓሚው ወንድሜ፣ ይሄን ባታነሳ ማን ያውቅ ነበር። ለልጃቸው ደግሞ ስለ እንቅልፉና ስለ ምግቡ ብቻ፣ ቀን ቀኑን ጽፋ ሰጠችው። ወረቀቱን ቆሞ አነበበው አለችኝ፣ ሁለት ጊዜ። ምንም አልተናገረም። በነጋታው ቀጠሮ አስያዘ፣ ካንቶኒዝ የምትናገር ሐኪም ጋ።

ከቀጠሮው በፊት እህቴ ሲስተር እንዳለችው ከደረታቸው ጀመረች፣ በስልኳ ማስተርጎሚያና በለመደቻቸው ጥቂት ቃላት። «ሲታፈንብዎት ምን ያደርጋሉ?» አለቻቸው። ሌሊት ተነስተው የቤቱን በር ከፍተው ኮሪደሩ ላይ እንደሚቆሙ ነገሯት። ማንም እንዳይነቃ በባዶ እግራቸው። አሳንሰሩ ሲወጣ ሲወርድ ይሰማሉ፣ ሰው አለ ማለት ነው። ባለቤታቸው የሌሊት ሥራ ሠርተው በዚያ ሰዓት ነበር የሚገቡት። እህቴ ይሄን ስትነግረኝ አልቅሳለች፣ እኔም።

ሐኪሟ ለአንድ ሰዓት ያህል አናገረቻቸው። ምን እንዳለች እህቴ በሙሉ አታውቅም፣ ማወቅም የለባትም። ትንሽ መድኃኒት ጀምረዋል፣ በሳምንት ሁለት ቀንም ሰው ያለበት ቦታ እንዲውሉ እየተሞከረ ነው። የመጀመሪያውን ቀን አልሄድም ብለው ቀሩ። ሁለተኛውን ልጃቸው ሥራ ቀርቶ ይዟቸው ሄደ። ደረታቸው እንደታፈነ ነው፣ ገና ነው።

የቧንቧ ውሃ ጎረቤት፣ አንተም ከልብህ ነው የተናገርከው፣ አልተቀየምኩም። አንድ ቀን ቡና ና፣ እማም ሰው ይመጣላታል።

ሲስተር፣ እማን ጠየቅኋት። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ተቀምጠን ነበር። «ራስሽን የሚያቃጥልሽ መቼ ነው?» አልኳት። ብዙ ዝም አለች። «አዛን ሲል» አለችኝ፣ «አባትህ ሱብሂ ሊሰግድ ሲነሳ ውሃውን የማሞቅለት ሰዓት ነው፣ አሁንም እነቃለሁ፣ የማሞቅለት ሰው ግን የለም።» ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ሰዓት ብቻዋን ስታድር አጠገቧ ክፍል ውስጥ ተኝቼ ነበር።

ኪኒኖቹን በፌስታላቸው ይዘን እንመጣለን፣ የትኛው እንደሚቀጥል የትኛው እንደሚቆም አንቺ ታይዋለሽ። ማክሰኞ ጠዋት ትኖሪያለሽ ወይ? ከደሴ በመጀመሪያው ሚኒባስ ብንወጣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ኮምቦልቻ እንደርሳለን። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ያዞራታል፣ ፊት ወንበር አስቀምጣታለሁ።

ሲስተር ዘቦርከና (ኮምቦልቻ)

እኖራለሁ። ቁርስ አብልተሃት ና፣ ብዙ እናወራለን። የአባትህን ፎቶ ካላችሁ ይዛ ትምጣ።